ቤትዎ ደህና ነበር

ውድ እትዬ፣

ጤናዎን ሳልጠይቅ በነገሩ ልጀምር፤ በሰላምታ ከጀመርኩ እንደለመደብኝ ሰላምታው ላይ ተኝቼ እቀራለሁ። ቤትዎ ደህና ነበር። መሠረቱ አልሰመጠም፣ ግድግዳውም አልተንቀሳቀሰም። "ያሰጋል" ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት ውሸት ነው። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር፤ የጻፍኩት ግን አውቄ ነው።

የባንኩን የሐራጅ ማስጠንቀቂያ በፌስታል ጠቅልለው ቢሮዬ የመጡ ቀን ትዝ ይልዎታል። "ሐራጅ ሳይወጣብኝ ራሴ ልሽጠው። ግን ለሚገዛኝ ሰው ጉድ መሸጥ አልፈልግም፤ መጀመሪያ አንተ እየው" አሉኝ። ስንት መሐንዲስ ባለበት ከተማ እኔን የመረጡት የጎረቤት ልጅ ስለሆንኩ ነው። እናቴ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ያበሉኝ እርስዎ ነዎት። ግድግዳዎ ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ "ዘመመ" እያልኩ ሳቃና "ውሃ ልክ" ብለው ስም ያወጡልኝም እርስዎ ነዎት። አሁን ያንን ስም ስሰማ አንገቴን እደፋለሁ።

ጣሪያው ላይ ወጣሁ፣ ቧንቧውን ሁሉ ከፈትኩ፣ ወለሉን በመዶሻ እጀታ አንኳኳሁ። እንከን አጣሁ። የቀረኝ በመኝታ ቤቱ መስኮት ስር ያለው ስንጥቅ ብቻ ነበር። እንደነገርኩዎት ስንጥቅ አርጅቶ ያረፈ አለ፣ ገና የሚሰፋም አለ። ያንን ለመለየት ነው ስንጥቁ ላይ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ አግድሜ በጄሶ የለጠፍኩት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፤ ካልተንቀሳቀሰ እንዳለ ይቆያል። "ከስድስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ፣ እንዳይነኩት" ብዬዎት ሄድኩ።

በመካከሉ የባለቤቴ ወንድም ወሬውን ሰማና ቤቱን በርካሽ ሊገዛው ተመኘ። ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው፤ ምሳ በበላን ቁጥር ያስታውሰኛል። "ዋሽ አላልኩህም" አለኝ። "'ያሰጋል' ብቻ በል። ለመሆኑ የማያሰጋ ቤት የት አለ?" እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩ እኮ፣ እትዬ። መቆጣት ሲገባኝ አብሬው ሳቅኩ።

በቀጠሮዬ ስመጣ መስታወቱ እንዳለ ነው። ዙሪያውን አቧራ አራግፈው እሱን ግን እንዳልነኩት ያስታውቃል። ሻይ ሊያመጡልኝ ወጣ አሉ። የመኪናዬን ቁልፍ አውጥቼ በጫፉ መታሁት። አንዴ ብቻ ነው፤ ቀጭ አለ። ከዚያ "እትዬ፣ ይምጡና ይዩ" ብዬ ጠራሁዎት።

የሻይ ትሪውን እንደያዙ አጎንብሰው አዩት። ፊትዎ ተለዋወጠ። "ወይ እኔ፤ እኔ ነኝ መሰለኝ። ትናንት ስጠርግ መጥረጊያው ነክቶት ይሆናል። ዘንድሮ እጄ አላርፍ ብሏል፣ ይቅርታ ልጄ፣ በድጋሚ ለጥፈው" አሉኝ። እርስዎ እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። መውጫውን በእጄ አስጨበጡኝ፤ "እሺ እንለጥፈው" ብል ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን እንደ ትልቅ ሰው ድምፄን አወፍሬ "አይ እትዬ፣ መጥረጊያ እንዲህ አይሰብርም። ቤቱ ነው" አልኩዎት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እርስዎ ሠሩልኝ። መጀመሪያ ሊገዙ የመጡት ነርሷና ባሏ ቤቱን ወደውት መጋረጃ እስከመለካት ደርሰው ነበር። እርስዎ ግን እጃቸውን ይዘው መስኮቱ ስር ወሰዷቸውና "ልጆቼ፣ ሳልነግራችሁ ብቀር እግዜር ይታዘበኛል። ቤቱ ይንቀሳቀሳል ብሎኛል መሐንዲሱ" ብለው ወረቀቴን አሳዩአቸው። ሁለቱም አመስግነው ሄዱ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ገዢ እንዲሁ በገዛ አፍዎ መለሱ። ሐራጁ አራት ቀን ሲቀረው የባለቤቴ ወንድም ከባንኩ ዕዳ የማያልፍ ዋጋ ይዞ ብቅ አለ። እርስዎም "ከነጉድለቱ የሚገዛኝ አገኘሁ" ብለው መረቁት። እኔም ዘመዴ መሆኑን ሳልነግርዎት አጠገባችሁ ቆሜ አሜን አልኩ።

ባለፈው ሐሙስ ስልኬ ላይ ቁጥርዎን ሳይ ቶሎ አላነሳሁትም። በልጅዎ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈው እንደሚያድሩ ሰምቼ ስለነበር ሊወቅሱኝ መስሎኝ ነው። የወቀሳ ያለህ ብዬም ነበር፤ አንድ ጊዜ ሰድበውኝ ቢወጣልኝ። እርስዎ ግን ምን አሉኝ፣ "ዝናቡ በረታ። ያን ቤቴን የገዛውን ሰውዬ ልጆቹን እመስኮቱ ስር እንዳያስተኛቸው ንገርልኝ። እነሱን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።"

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ባለቤቴ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቻችንን እንጂ እኔን አታናግረኝም።

ዛሬ ጠዋት እውነተኛውን ሪፖርት ጻፍኩ። መስታወቱን በገዛ ቁልፌ እንደሰበርኩ፣ ለማን ብዬ እንደሰበርኩ፣ ከነቀኑና ከነፊርማዬ አለበት። አንዱ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። አንዱን ሽያጩን ለመዘገበው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ፈቃድ ለሰጠኝ መሥሪያ ቤት አስገብቻለሁ። ልጅዎ ጠበቃ ይያዝ፤ በተጠራሁበት ቀርቤ እመሰክራለሁ። ፈቃዴን ይቀሙኛል፣ ይቀሙኝ። ቤቱ ይመለስልዎታል ብዬ ግን ቃል አልገባም፤ አላውቅምና ሁለተኛ አልዋሽዎትም።

ይቅር ይበሉኝ ለማለትም ፊት የለኝም። አንዲት ነገር ብቻ ልለምንዎት። ልጆቹ ደህና ናቸው። ዝናቡ የፈለገውን ያህል ቢዘንብ ያ ግድግዳ አይወድቅባቸውም። እባክዎ እትዬ፣ ዛሬ ማታ ይተኙ።

የጎረቤትዎ ልጅ