ቁልቁለቱ ላይ የሚንቀጠቀጠው ፍሬን

ጥቅምት 4

ከሥራ መልስ የጭቃውን መንገድ በብስክሌት ዞርኩት። ዳገቱ ጥሩ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የፊት ፍሬን ስይዝ ግን እንደለመደው... ጩኸት፣ ከዚያ መንገጫገጭ። መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሴ ሁሉ ተንቀጫቀጨ። አምና ወድቄ ትከሻዬን የተሰበርኩት እዚያው ላይ አይደል? ወርጄ ገፋሁት። ደግነቱ ማንም አላየኝም።

ደጃፍ ላይ ስቆም ባሌ ጩኸቱን ሰማ። "አሁንስ አልበቃሽም?" አለ። እዚያው መንገድ ላይ እስከሚደረገው ውድድር ካልተስተካከለ ብስክሌቱን እሰቅላለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ምን ነካኝ? የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

ጥቅምት 6

ጉድ ነው! ባሌ ድምፁን ላጥፋላት ብሎ የፍሬኑን ላስቲክ ዘይት ቀብቶልኛል። ለበር ማጠፊያ የምንቀባውን! ፍሬን ብይዝ ወይ ፍንክች፤ ቀጥ ብዬ የጎረቤት አጥር ውስጥ። ድምፁማ ጠፍቷል። ልቆጣ ስል ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል... ሳቄ መጣ። ከሰዓቱን ሙሉ ቸርኬውን በአልኮል ሲፈትግ ዋለ። ለእኔ ብሎ እኮ ነው።

ጥቅምት 9

ብስክሌት ሠሪው አዲስ ላስቲክ ገጠመ። የፊተኛው ጫፍ ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ትንሽ አዘነበለው። ጩኸቱ ጠፋ። መንገጫገጩ ግን እንዳለ ነው። "እህቴ፣ ከዚህ በላይ እኔም አላውቅበት" አለኝ።

እውነቱን ልጻፈው... ፈርቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት 13

አማቴ መጡ። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሴት፣ የተበላሸ ነገር አይተው ዝም አይሉም። በርጩማ አስመጥተው ከብስክሌቱ ጎን ቁጭ። "ፍሬኑን ያዢና ወደ ፊት ግፊ።" ገፋሁ። "ድገሚ።" ደገምኩ። እኛ ሁላችን ጎማውን ስናይ እሳቸው የሚያዩት የፍሬኑን ካቦ ነበር።

"ነይ እዪ። ፍሬኑ ሲይዝ ጎማውን ያቀፈው ሹካ ወደ ኋላ ይጎብጣል። የካቦው ማሰሪያ ደግሞ ላይ ነው፣ መሪው ሥር። ሹካው ሲጎብጥ ካቦው ይወጠራል፣ ፍሬኑ ይበልጥ ይነክሳል። ከዚያ ይለቃል፣ ደግሞ ይነክሳል። አንቺ አይደለሽም ልጄ፣ ሹካው ነው ፍሬን የሚይዘው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል እማማ?"

"ማሰሪያው ሹካው ላይ ይሁና! አብረው ይጉበጡ።"

ጥቅምት 14

ብስክሌት ሠሪው ሲሰማ ግንባሩን መታ። ሹካው ላይ በብሎን የሚታሰር ትንሽ ብረት ከመሳቢያው ጎርጉሮ አወጣ። "እኚህን ሴትዮ አምጪልኝ፣ እዚህ ልቅጠራቸው" እያለ ገጠመው።

ጥቅምት 18

ሜዳው ላይ ሞከርኩት። ምንም አይልም። ቁልቁለቱን ግን... ለውድድሩ ይቆይ። ፈሪ!

ጥቅምት 25

ሠላሳ አንደኛ ወጣሁ! ከአርባ ሰው። በመጀመሪያው ዙር ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ወርጄ ልገፋው ነበር። ፍሬኑን ያዝኩ... ጸጥ። መሪው እጄ ላይ ቀጥ እንዳለ ወረድኩ። እማማ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ!

ባሌ እንደ ሁልጊዜው ቁልቁለቱ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ስወርድ ማየት አይችልም፤ መንገጫገጩን ሲሰማ ነው በሰላም መድረሴን የሚያውቀው። ዛሬ ምን ይስማ? አጠገቡ አልፌ ሄጃለሁ፣ እሱ ገና ጨፍኖ ይጠብቀኛል። አማቴ ናቸው አሉ በክርናቸው ጎሽመው "ክፈት አንተ፣ ሚስትህ አልፋለች" ያሉት።

በሁለተኛው ዙር ፍሬኑን ይዤ ስወርድ ዓይኑ ተከፍቷል። በሁለት እጁ እያውለበለበ ይጮሃል፣

"ልቀቂው! ፍሬኑን ልቀቂው!"