ዘበኞች ያልተቀመጡበት አውጫጭኝ

ለይጁቤ ጸጥታ ሹም ለክቡር ግራዝማች ጀምበሩ፤

ጣልያን ሾሞ ለሰጠን ለእርስዎ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ በጎረቤቴ በታረቀኝ መታሰር ተጠያቂ የማደርገው ሌላ ማንንም ሳይሆን እርስዎን መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የለጠፍኩትም እርስዎ ዘንድ ደጅ ለመጥናት ጉልበቴ ስላልቻለ ነው።

አንደኛ፤ በሹመትዎ ሰሞን ገበያ መካከል ቆመው ዘበኛና ሕዝብ ከእንግዲህ አንድ ቤተሰብ ነው ስላሉን እናመሰግናለን። ቃልዎን ለማክበር ይመስለኛል፣ ዘበኞችዎ ቤታችን ገብተው ሳይጠይቁ ይበላሉ።

ሁለተኛ፤ በሬዬ ከበረት ተሰርቆ አቤት ብል፣ እንደ አባቶቻችን ሥርዓት አውጫጭኝ ስለጠሩልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ሌባው እስኪታወቅ አገሩ ሁሉ፣ ሽማግሌው፣ አራሷ ሳትቀር፣ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ሰነበተ። ረቡዕ ዕለት ግን፣ በጾም ቀን፣ ከዘበኞችዎ ሰፈር ነፋሱ የጥብስ ሽታ ይዞልን መጣ። እርስዎ ጥላ ሥር ነበሩና ሽታው እዚያ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ታረቀኝ በሬውን ከበሬዬ ጋር አቀናጅቶ የሚያርስ ድሃ ነውና ተነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ በአውጫጭኝ የሚጠረጠር የቀረ ሰው ነው፤ ዘበኞችዎም መጥተው ከእኛ ጋር ይቀመጡ» አለ። እርስዎም «ዘበኛ ያስቀምጣል እንጂ አይቀመጥም» ብለው መለሱለት። ሕዝቡ ሲስቅ ፊትዎ ጠቆረ፤ ወዲያው ታረቀኝ ሽፍታ አብልቷል ተብሎ ታሰረ። እንዲህ ያለ ፈጣን ፍርድ በዕድሜዬ አላየሁም። ይኸው ሚስቱ ሽታዬ ስንቅ ተሸክማ ደብረ ማርቆስ ወኅኒ ቤት ትመላለሳለች። ዝናቡ ጥሏል፤ የእሱ በሬ ብቻውን ቆሟል፤ መሬታችን ጦም ሊያድር ነው።

በሬዬን ይመልሱልኝ አልልም፤ የተበላ አይመለስም። ታረቀኝን ግን የእርሻው ወራት ሳያልፍ ይፍቱልን።

ለጸጥታችን እንቅልፍ የሚያጡ፣ እኛም እንዳንተኛ የሚተጉ ሹማችን ሆይ፣ እግዚአብሔር እንደ ሥራዎ ይክፈልዎ እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። የዚህን ደብዳቤ ጸሐፊ ለማግኘት ሌላ አውጫጭኝ ጠርተው እንዳይደክሙ ስሜን ከሥር አኑሬያለሁ።

እቴናት አወቀ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ ከእንግዲህ ሌባ ቤቴን ቢሰብር እሪ አልልም። ሌባው አንድ ይሆናል፤ እሪ ያልኩ እንደሆነ ግን ዘበኞችዎ ሁሉ ይመጣሉ።