ድራይቩ ሞተ እንጂ ድራይቨሩስ አለ

እታለም፣ ይህን ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ቁጭ በይ። ቁጭ ብለሽም ከሆነ ግድግዳ ተደገፊ። በቤታችን ሞት ገብቷል። ሟች ከአንቺ ጋር ስንት ሌሊት ያነጋ፣ ክፉ ቃል ያልወጣው፣ ሥራ ሲበዛበት ብቻ የሚያቃስት ምስኪን ነበር። ዝርዝሩ ይቆየን፤ ወጉ ይቅደም።

እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽ ጠናልሽ ወይ? ሚጢጢዋስ? ሌሊት ታስተኛችኋለች ወይስ በአጎቷ ወጥታ ቤቱን ታምሳለች? ጋሼ ዝምታ፣ ማለቴ ባልሽ፣ ልጅ ካገኘ ወዲህ አፉን ፈታ ወይስ ዛሬም በአንገቱ ነው የሚያወራው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረን። እኔማ የሚያዘኝ ሰው አጥቼ እጅና እግሬ ዶልዱሟል።

ወደ ሐዘኑ ልመለስ። የሞተው ትተሽልን የሄድሽው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ነው፤ ያ ፎቶውንም ፋይሉንም የሚይዘው ድራይቭ። አትሳቂ! ሰሞኑን እንደ አሮጌ ወፍጮ ሲንኳኳ ሰንብቶ ቅዳሜ ጠዋት አልነሣም አለ። እኔም "ኧረ ድራይቩ ሞተ!" ብዬ ጮህኩ። ሠፈሩ ደግሞ አባዬን በሹፌርነቱ "ድራይቨሩ" እያለ እንደሚጠራው ታውቂያለሽ። ጎረቤታችን እትዬ ሬዲዮ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ሲያሰጡ ሰምተው ኖሮ፣ አንድ እግራቸውን ጫማ አድርገው አንዱን ትተው፣ እሪ እያሉ ከተፍ አሉ። አባዬ ፊቱን ሳሙና እንደተቀባ ወጥቶ "ማነው የሞተው?" ቢላቸው "አንተ ነህ እንጂ!" ብለው ተንሰቀሰቁ። እሱም ክው ብሎ "መቼ?" አለ። እኔ ትራስ ነክሼ ነው የተረፍኩት።

እማዬ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ስለደከመ በስልኳ ስክሪን ላይ ልጅሽን መለየት አቅቷት፣ "አፍንጫዋ የቱ ነው? ጆሮዋስ?" ስትል ነበር የከረመችው። እሑድ በኮምፒውተሩ አያታለሁ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትቆጥር ቆይታ ይኸው። "የልጅ ልጄን ሳላይ ጥርስ ልታወጣ ነው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እታለም፣ እኔ በማንም እቀልዳለሁ፤ እማዬ ፊቷን ስታዞር ግን ቀልዱ ይጠፋብኛል። "ለነገ አስነሣልሻለሁ" ብዬ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፈትኩና ፎቶ አነሣሁ፤ ሟቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ወጣሁ።

የኮምፒውተር ትምህርቱን ከመሀል ብተወውም አንድ ነገር ግን ይዣለሁ፤ ኤስኤስዲ የሚሉት አዲሱ ዓይነት ድራይቭ እንደ ድሮው በውስጡ የሚዞር ሳህን የለውም። በዚህች እውቀቴ ወጥመድ ሠራሁ። መጀመሪያ በገባሁበት የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ጸጉሩ በቅባት የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ ነበር። "ወንድሜ፣ ይሄ ኤስኤስዲ በደቂቃ ስንት ዙር ይዞራል?" ብዬ ብጠይቀው "ኧረ ይሄማ ሲዞር በዓይን አይታይም!" አለኝ። እዚያው ሲዞር ትቼው ወጣሁ። ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ ብሎን መፍቻ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታለች። ያንኑ ብጠይቃት ቀና ብላ አይታኝ "አንተ፣ ይሄ አይዞርም። የዞረው ያንተ ራስ ነው" አለች። የምገዛበትን አገኘሁ አልኩ በልቤ።

እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነች፣ ከሁሉም ትፈጥናለች የተባለች አንዷን ኤስኤስዲ ሳይ ምራቄን ዋጥኩ። ሴትዮዋ ፎቶውን አይታ "መሰኪያዋ እዚህ የለም። በር ሳይኖርህ ቁልፍ ትገዛለህ?" አለችኝ። ስለዚህ በአሮጌው ቦታና በአሮጌው ገመድ ልክ የምትገባውን፣ መዳፍ የምታክለውን ጠፍጣፋ መረጥኩ። ትልቅ መጠን ያለውን ልውሰድ ብል "ምን ልትጭንበት ነው፣ እህል?" አለች፤ መካከለኛው በቃን። ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን ፕሮግራም አስጭኜ፣ ዋስትናውንም ማኅተም አስመትቼ ተቀበልኩ። ሟቹም ለካ ጥቂት ትንፋሽ ቀርቶት ነበር፤ አባብላ ፎቶዎቹን አወጣችልኝ። የምረቃሽ አለ። ጸጉርሽን ራስሽ ቆርጠሽ ያለቀስሽበትም አለ። ሌላው ቢጠፋ እሱ እንዳይጠፋ ተማጽኜ ነበር።

ቤት ስገባ አባዬ የእጅ ባትሪ ያዘልኝ፤ ብሎኑን ሳጠብቅ "ቀስ በል፣ የከባድ መኪና ጎማ አደረግከው እንዴ!" እያለ ጨቀጨቀኝ። አበራሁት። ድሮ እማዬ ቁልፉን ተጭና፣ ዕቃ አጥባ ነበር የምትመለሰው። አሁን ወንበሩን ስባ ሳትቀመጥ ተከፈተ። ደንግጣ "ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?" አለች።

እሑድ ስንደውል የሚጢጢዋን ጆሮ በጣቷ በስክሪኑ ላይ ስትከተል አይተሻታል። ከተዘጋ በኋላ ያለችውን ግን አልሰማሽም። "የእኔው ጆሮ ነው። ቁርጥ የእኔ" ብላ ለራሷ ሳቀች፤ ቀኑን ሙሉም ጆሮዋን ስትነካ ዋለች።

አባዬ "ልጄ በደንብ ትብላ፣ በደንብ ትተኛ" ይልሻል። እማዬ ሁለታችሁንም አገላብጣ ስማችኋለች። ጋሼ ዝምታን ሰላም በይልኝ፤ ቢያንስ "እሺ" ይበል። አማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ሚጢጢዋን ጉንጯን ሳሚና "አጎትሽ ጀግና ነው" በያት፤ መካድ አትችልም፣ ገና አፍ አልፈታችም።

መርዶ ብዬ ግድግዳ ያስደገፍኩሽ እንግዲህ አራት ብሎን ፈትቶ አራት ብሎን ለማሰር ነው። ያን ያህልም አልነበረም፣ እታለም።

ቀልደኛው ወንድምሽ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን