በር ከፍተው ለመግባት ዕድሜ የፈጀባቸው የአያታችን የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ነጎድጓድ» በመባል የሚታወቁት የፊልም ተዋናይ አያታችን፣ ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከዳቦ ጋጋሪ እናታቸው በ1937 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከመዶሻው ብዛት ጆሯቸው ከብዶ ስለነበር፣ በዚያ ቤት «ውኃ አቀብሉኝ» እንኳን የሚባለው በጩኸት ነበር። ያ ታዋቂ ድምፅ ከዚያ መጣ እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚሉት በትምህርት የተገኘ አይደለም። ትምህርትማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው የተከታተሉት፤ የርዕሰ መምህሩን አረማመድ ለክፍሉ እያሳዩ ሳሉ ርዕሰ መምህሩ ከኋላቸው ቆመው ስለተገኙ ነገሩ በዚያው አበቃ።

በ1955 ዓ.ም. ቲያትር ቤት ተቀጠሩ። መጀመሪያ ወንበር ደርዳሪ፣ ቀጥሎ ጦር ያዥ፣ በስተመጨረሻ ንጉሥ ሆኑ። ማይክሮፎን ስላልነበረ ድምፃቸው የኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋውን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር። በ1963 ዓ.ም. የመጀመሪያ ፊልማቸውን ሲሠሩ ግን ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ ነቅሎ፣ «ወንድሜ፣ እዚሁ አጠገብህ ነኝ እኮ! ከማዶ ነው እንዴ የምትጠራኝ?» አላቸው።

በዚያው ፊልም ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስ ባል ሆነው በሩን በርግደው ሲገቡ፣ የኮታቸው እጅጌ የበሩ እጀታ ላይ ተይዞ ተተረተረ። ተሰፋ፤ ደግሞ ተተረተረ። የአልባሳት ክፍሏ ልብስ ሰፊ በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በሩ ምን በደለህ? ቤቱን ልትዘርፍ ነው ወይስ ልትገባ?» አሏቸው። እኚህ ልብስ ሰፊ ሴት አያታችን ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ስማቸው ሲገን አገባባቸውም ተለወጠ። በሩን ይከፍቱና አገጫቸውን ቀና አድርገው ይቆማሉ፤ ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ አጨብጭቦ እስኪጨርስ በሚል ካሜራውም አብሯቸው ይጠብቃል። ጋዜጣው ሁሉ አወደሳቸው። ሴት አያታችን ግን ከፊልም ምርቃት ሲመለሱ፣ «ለመሆኑ እዚህ ቤት ስትገባ ማን አጨብጭቦልህ ያውቃል?» ብለው ኩም አደረጓቸው።

ያ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቃቸውም። «አንድ ቀን እንኳን ፊልም ላይ እንደ ሰው ቤቴ ስገባ ካልታየሁ ተዋናይ ነኝ አልልም» ይሉ ነበር። በገዛ ቤታቸው በር እየተለማመዱ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ሚስታቸው ያባረሯቸው የመሰላቸው ጎረቤቶች ሊያስታርቁ መጥተው ያውቃሉ። ያኔ ልጅ የነበረችው እናታችን ከቤት ሥራዋ ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ! ብርድ አስገባህብን!» ትላቸው ነበር።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ከመወራጨት አሳረፉ። ከዚያ ደግሞ ቃል መቀነስ ጀመሩ፤ «ይሄን በዓይኔ እለዋለሁ» እያሉ የተጻፈላቸውን ስለሚሰርዙ ደራሲዎች አኮረፏቸው። ሴት አያታችን እያንዳንዱን ፊልም አይተው «አሁንም ትወናው ይታያል» ብቻ ይሉ ነበር። ሌላው ተመልካች ሁሉ ቢረካም የእሳቸው ዳኛ እኚሁ ነበሩ። ዕድሜ ሄደ፤ ጉልበት ሄደ፤ ቃል መያዝ አስቸገራቸው፤ ስልኩም መጮህ ተወ።

በ2013 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ዳይሬክተር ትንሽ ቦታ ሰጠቻቸው። አንድ ጡረተኛ ቤቱ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ አለቀ። የመጨረሻ ዕድላቸው መሆኑን ስላወቁ ቁልፉን በየትኛው እጅ እንደሚይዙ፣ የት ላይ እንደሚተነፍሱ ሲያሰላስሉ ወር ሙሉ ከረሙ። በቀረጻው ቀን ግን የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጡ። እላይ ሲደርሱ ከተዘጋጁበት አንዱም አልታወሳቸውም። በሩን ከፈቱ፤ ግድግዳውን ደገፍ አሉ፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። ዳይሬክተሯ «በቃ፣ ጨርሰናል» ስትል ያዘነችላቸው መሰላቸው። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ለወንድ ልጃቸው፣ «አበላሸሁት። አልተወንኩም እኮ፤ ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት» አሉት።

ፊልሙ ሲመረቅም አልሄድም ብለው ነበር፤ ሴት አያታችን ናቸው አልብሰው የጎተቷቸው። በጨለማው አዳራሽ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጠብቁ፣ ስክሪኑ ላይ ያ በር ተከፈተ። ሽማግሌው ገባ፤ ተቀመጠ። አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ሴት አያታችን ጮክ ብለው፣ «መጣህ? ራትህ ተከድኖልሃል» አሉ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ወንድ አያታችን ግን አልሳቁም፤ የሚስታቸውን እጅ ይዘው ፊልሙ እስኪያልቅ አለቀሱ። ሴት አያታችን እስከ ዛሬ «እኔ ምንም አልወጣኝም» ብለው ይክዳሉ። እኛ አጠገባቸው ነበርን፤ ወጥቷቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልጠየቁም። ሥራ ይዘው የሚመጡትንም «እኔ ጨርሻለሁ፤ እናንተ ቀጥሉ» እያሉ ይመልሱ ነበር። ባደረባቸው የልብ ሕመም በቤታቸውና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በ79 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ መምህርት የሆነች ሴት ልጃቸውን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ወንድ ልጃቸውንና እኛን አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ከአምስታችን አንዳችንም ተዋናይ እንሁን አላልንም፤ ልፋቱን አይተናላ።

ፊልም ሲቀረጽ ሥራው ካላማረ «እንደገና!» ይባላል። አያታችን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሲባሉ ኖረዋል። አምላክ ሆይ፣ አንተ ዘንድ ማንም እንዲህ እንዳይላቸው። ደክመዋል፤ አሳርፍልን።