ልጄን ሳይቀበል ዜሮን የተቀበለው ትምህርት ቤት

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ላለው፣ ለክብሩ ስል ስሙን ለማልጠቅሰው ትምህርት ቤት፣ ክብርት ርእሰ መምህርት፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ በርስ ደኅና ነው? እሱን እንኳ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሲከፈት ግን አላጋጠመኝም።

እኔ ኢስትሊ ሰፈር ጨርቅ የምሸጥ ሙርሺዳ ነኝ። ልጄ ኢክላስ ለነፃ ትምህርት ዕድላችሁ ተፈትና ሰባ ዘጠኝ አመጣች፤ ማለፊያው ሰማንያ ነው። አንዷን ነጥብ ያሳጣት ዜሮ መሆኑን ከፈተና ወረቀቷ ስላየሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ከአንድ በመጀመሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1. መቁጠሪያ ቁጥሮች ከአንድ፣ ሙሉ ቁጥሮች ደግሞ ከዜሮ ይጀምራሉ ብላ የጻፈችውን በቀይ ስለሰረዛችሁላት አመሰግናለሁ። ሃያ ዓመት ጣቃ ስቆጥር ዜሮ ብዬ ጀምሬ አላውቅም፤ ስንት ጣቃ እንዳመለጠኝ አላህ ይወቀው።

2. አንዳንድ ሊቃውንት ዜሮንም ከመቁጠሪያ ቁጥሮች እንደሚያስገቡት ቢሮአችሁ በደብዳቤ ስላስረዳኝ አመሰግናለሁ። ጠይቄ አረጋግጫለሁ፣ እውነት ነው። ያልገባኝ፣ ከእናንተው በር ላይ ገዝተን ልጄ ያጠናችበት የራሳችሁ መለማመጃ መጽሐፍ ገጽ ዘጠኝ ላይ ከአንድ ይጀምራሉ ማለቱ ነው። የቢሮአችሁ ጸሐፊ ፎቶኮፒ ላንሳው ብለው መጽሐፉን ከወሰዱት ይኸው ሁለት ወር ሆነ። ማሽናችሁ እጅግ ጠንቃቃ መሆን አለበት። በር ላይም መሸጡ ቀርቷል።

3. የነፃ ዕድሉ ለማንም ልጅ እንዳልተሰጠ ስሰማ ጥርጣሬዬ ባሰ። ለጋሾች እንዲያዩት አጥራችሁ ላይ የተሰቀለው ሸራ በየዓመቱ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ነፃ ተማሪዎች እንደምትቀበሉ ይናገራል። የዘንድሮው ቁጥር ዜሮ ነው፤ ዜሮም ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ከተቆጠረ ደግሞ ቃላችሁን ጠብቃችኋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ ዜሮን ይህን ያህል የወደዳችሁት ለሒሳብ ፍቅር ብላችሁ አይመስለኝም። ከተሳሳትኩ የፈተና ወረቀቷ በሌላ መምህር ይታረምልኝ፤ የምለምነው ይህንኑ ብቻ ነው።

ለአንዲት ልጅ አንድ ነጥብ ነፍጎ ለዜሮ ማዕረግ የሰጠውን ቸርነታችሁን እያደነቅሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ገና ካልበረደ ንዴት ጋር፣

ሙርሺዳ ኑሬ
ኢስትሊ፣ ናይሮቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኢክላስ ለሌላ ትምህርት ቤት ስታጠና ያው ጥያቄ ገጠማት። ድሮ ቢሆን ትክክሉ የቱ ነው ትለኝ ነበር። ትናንት ግን እርሳሷን እንዳነሳች፣ እነሱ የሚፈልጉት የቱን ነው ብላ ጠየቀችኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። እንግዲህ ከእናንተ ያገኘችው ነፃ ትምህርት ይኸው ነው።