የአባባ ኪታቦችና ግማሽ ኢንች ቧንቧ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ልብስ ስሰፋ ዋልኩ። ቤት ስገባ በሺር ደወለ። ታላቅ ወንድሜ ሰላምታውን ካስረዘመ ነገር አለው ማለት ነው። «የሚመጣው ሳምንት ጁምዓ ከኮምቦልቻ መጥቼ ያንቺን ኪታቦች እወስዳለሁ» አለ። አባባ ሲሞቱ የሃይማኖት መጻሕፍታቸውን እኩል ተካፍለን ነበር። የሱ እዚያ፣ የኔ እዚህ ደሴ። «የአባባ ኪታብ በማዳበሪያ፣ ኪራይ ቤት ወለል ላይ! ነውር አይደለም?» አለኝ።

ነውርስ ነው። ግን አባባ ያቀሩኝ፣ ማንበብ ያስተማሩኝ በነሱ እኮ ነው... አልሰጥም!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
አከራዬ እትዬ ሸዋረጋ ግድግዳ ላይ ሚስማር አያስመቱም። ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ይኸን ግድግዳ ስንቱ ተከራይ ወንፊት አድርጎት እንደሄደ ብታውቂ!» እሺ። ግድግዳ የማይነካ፣ በራሱ እግር የሚቆም መደርደሪያ እሠራለሁ። ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ከውኃ ቧንቧ የተሠራ አይቻለሁ። ያምራል። ማን ከለከለኝ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ኮምቦልቻ ወረድኩ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሚስባህ የሚባል ሰውዬ ዘንድ ጥሩ የብረት ቧንቧ አገኘሁ። በማስመሪያ ለካሁት... ሁለት ሴንቲ ገደማ። ተመልሼ ፒያሳ «ሦስት ሩብ ጎሚቶ» ብዬ ገዛሁ፣ ያንን የታጠፈውን ማገናኛ። ቤት ስሞክረው ቧንቧው ውስጡ ይዋኛል! ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ጎሚቶውን መለስኩ። ባለሱቁ አግማስ ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ቧንቧ የሚጠራው በውስጡ ስፋት ነው። ያንቺ ግማሽ ኢንች ነው።» ቀየረልኝ።
«ውኃ ልታስገቢ ነው?»
«ኪታብ ላስቀምጥበት።»
ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ይየኝ! ብረት ቤት ወስጄ አስቆረጥኩ፣ ጎሚቶው የሚጠብቅበትን ጥርስም ጫፉ ላይ አወጡልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ምን አስቸኮለኝ? ለበሺር ነገርኩት። «ያገለገለ ቧንቧ? ነጃሳ፣ የሽንት ቤት ቆሻሻ ሲፈስበት የኖረ ላይ የአላህን ቃል?» ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ግን... እውነት ቢሆንስ? ምን እንደፈሰሰበት በምን አውቃለሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ቧንቧውን በባትሪ አየሁት። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ይኸማ ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ የሚጋገረው ነው! ንጹሕ ውኃ ነው የሄደበት። ለማንኛውም ሚስባህ ጋ ደወልኩ። «ወላሂ ከወጥ ቤት ነው የነቀልኩት። የሽንት ቤቱ እኮ ወፍራም ፕላስቲክ ነው። አብሽሪ!» አለኝ። ቢሆንም ሦስቴ አጠብኩት። ለበሺር ብዬ አይደለም፣ ለአባባ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ገጠምኩት። ጣውላውን አስቀመጥኩበት፣ ኪታቦቹን ላይኛው ላይ ደረደርኩ። ቆመ። መዳፌ ተልጧል... ደስ ይላል።

ጁምዓ፣ ጥቅምት 14
በሺር ባዶ ማዳበሪያ ይዞ መጣ። ኪታቦቹ ከራሱ በላይ ናቸው፤ ቀና ብሎ ነው ያያቸው።
«አውርጃቸው።»
«አላወርድም። ነጃሳውን አሳየኝና አንተው አውርዳቸው!»
መደርደሪያውን ገፋው። ንቅንቅ አላለም። ጣቱን ቧንቧው ላይ አሽቶ አሸተተ። ሳቄን ዋጥኩ።
«ማን ገጠመልሽ?»
«እኔ።»
ማዳበሪያውን አጣጥፎ ወጣ። ሻይ እንኳ አልቀመሰም።

ጁምዓ፣ ኅዳር 5
በሺር ዛሬም መጣ፣ ሳይደውል። ማዳበሪያው ግን ሙሉ ነበር። የሱ ድርሻ ኪታቦች። ኮምቦልቻ ሳጥን ውስጥ ቆልፎባቸው ምስጥ ገብቶባቸዋል። በር ላይ ቆሞ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ጣይባ... ቦታ አለሽ?» አለኝ።

«ነገ መልሰህ ልትወስድ ከሆነ የለኝም። ለማኖር ከሆነ ግባ።»

ጫማውን አወለቀ። አንድ በአንድ አቀበለኝ፣ እኔ ደረደርኩ። አልበቃም። የተረፉትን እስከዚያው አልጋዬ ላይ አስቀመጥናቸው።

«ሌላ መሥራት አለብን» አልኩት። ተነሥቶ የቧንቧውን ውፍረት በጣቱ መለካት ጀመረ። በውጭ በኩል፣ ልክ እንደኔ።