ሰም የቀባሁት ወለል

ለእናቴ ምትክ፣ ለእታለም፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ የገዛ እጄ ነው! በማታው ትምህርት አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣው ዳቦ ጋጋሪ ክፍል ውስጥ ሲያንኮራፋ ነው የከረመው፤ ይሁን፣ አንደኛ አንደኛ ነው።

የምጽፍልሽ ከማጸዳበት ትምህርት ቤት፣ ከመጥረጊያ ማስቀመጫዋ ክፍል፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው። ተቀምጬ ስልሽ ውሸቴን ነው፤ አንድ መስመር እጽፍና ተነስቼ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። እግሬ አላርፍ ብሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሮቦት ሠርታለች። ዔሊ ይሉታል። ወለል ላይ የተለጠፈ ጥቁር መስመር እየተከተለ አንድ ኩባያ ውሃ ተሸክሞ ይሄዳል። መንገዱን በኮምፒውተር የምታስተምረው የኔዋ ናት። ሦስት ወር ሙሉ በዙሪያቸው ስጠርግ ስለከረምኩ ግማሽ መሐንዲስ ሆኛለሁ፤ ዔሊው ጥቁሩን ከነጩ የሚለየው በብርሃን ነው።

ዛሬ ውድድሩ ነው። እኔ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ብዬ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ በማለዳ አዳራሹን ሰም ቀባሁት። ፊትሽን እያየሽ ጸጉርሽን ትሠሪበታለሽ! ሲያጌጡ ይመላለጡ አሉ። ዔሊው መስኮቱ ጋ፣ ፀሐይ ወለሉ ላይ የምታንጸባርቅበት ቦታ ሲደርስ፣ መስመሩን ጥሎ ዳኞቹ እግር ሥር ገባ። ውሃው ተደፋ። መነጽራሙ ጓደኛዋ፣ አንቺ ነሽ፣ ትናንት ምን ስትነካኪ ነበር ብሎ ጮኸባት። እሷም አዎ የኔ ጥፋት ነው አለች። ያላጠፋችውን! ከምሳ በኋላ አንድ ዕድል ብቻ ነው የቀራቸው፤ እሷ ደግሞ በኮምፒውተር የጻፈችለትን ደህናውን ትእዛዝ እያፈረሰች ነው።

ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው ትይኛለሽ። እታለም፣ እኔ እኮ እዚህ ግቢ ውስጥ አባቷ አይደለሁም። እንደማንኛውም ተማሪ ጋሼ ነው የምትለኝ። ማንበብ እንደቻልኩ፣ ቢሮ ስወለውል መጀመሪያ ያነበብኩት የሷን ቅጽ ነበር። የአባት መኖሪያ፣ ውጭ አገር ይላል፤ ለጓደኞቿም ያንኑ ነግራለች። ሦስት ዓመት ውጭ አገር ስኖር ሻንጣ እንኳ አልገዛሁም! ማንበቤን አልነገርኳትም። አሁን ገብቼ ስለሷ ብከራከር፣ ይኼ ሰውዬ ምኗ ነው አይሉም?

ቆዪ፣ መጣሁ።

ተመለስኩ። እጄ ሳሙና ስለነካው ፊደሉ ቢጨማደድ አትፍረጂብኝ።

ገብቼ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰሙ ነው፣ ልጅቷን ልቀቋት አልኳቸው። መነጽራሙ፣ ጋሼ ደግሞ ስለ ሮቦት ምን ያውቃሉ አለኝ። ልጄ ወለሉን አየች፤ መስኮቱን አየች፤ ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ አየችኝ። ወዲያው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አባዬ፣ እስቲ መጋረጃውን ዝጋው አለች።

ዘጋሁት። መጋረጃው አስቸግሮኝ ትንሽ ቆየሁ፤ ፊቴንም ወደ መስኮቱ አድርጌ ነበር። ዳኞቹ ፈቅደው በሙቅ ውሃና በሳሙና ሰሙን ፈገፈግን፤ አራቱም ተንበርክከው። ዔሊው ትንሽ ውሃ ጠብ ቢያደርግም ኩባያውን አደረሰ። ሦስተኛ ወጡ። ከታች እንዳይመስልሽ፣ ከላይ ነው!

መነጽራሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ከውጭ መቼ ገቡ አለኝ። ዛሬ፣ ከምሳ በኋላ አልኩት።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። ደግሞ መልስሽን ራሴ ነኝ የማነበው፤ ምስጢር ካለሽ አትፍሪ።

ሻንጣ ያልገዛው ወንድምሽ